መናፍስት እንዳሉ እያመናችሁ አስፈሪ ፊልም የምታዩ አላችሁ?

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ነገር ጓደኞቼን ስጠይቅ ወሬ ይቀይሩብኛል፣ ስለዚህ እዚህ ላውጣው።

እኔ አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ። በጣም ነው የምወደው። ሌላው ሰው ከሥራ ደክሞ ሲገባ ዘፈን እንደሚከፍተው፣ እኔ መብራት አጥፍቼ፣ ኢርፎን ሰክቼ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አስፈሪ ፊልም እከፍታለሁ። ሳየው ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሲያልቅ ግን ሸክም ከትከሻዬ የወረደ ይመስለኛል፣ እንቅልፌም ጥሩ ነው። ይሄን የማደርገው መናፍስት የሉም ብዬ አይደለም። አሉ ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ጸበል እጠመቃለሁ። ጥያቄዬም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የጀመረኝ በአስር ዓመቴ ነው። ጎረቤታችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ትርጉም ፊልም ይታይ ነበር። አንድ ቀን ትልልቆቹ ልጆች ጋኔን የያዛትን ልጅ ፊልም ከፈቱት፣ ዘ ኤግዞርሲስትን። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1973 ፊልም ነው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ። ሌሎቹ የልጅቷ ፊት ሲቀየር ነው የጮሁት። የእኔን ቀልብ የገፈፈው ግን ሌላ ነው። ቄሱ አልጋው አጠገብ ሆኖ በውስጧ ያለውን ሲያናግረው።

ምክንያቱም እሱን አውቀዋለሁ። እናቴ ጸበል ስትሄድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። አባ መስቀሉን አንዲት ቀጭን ሴት ግንባር ላይ አድርገው "ማን ነህ? በምን ያዝካት? የት ያዝካት?" ሲሏት፣ ከአፏ የጎልማሳ ወንድ ድምጽ ሲወጣ፣ "ተቃጠልኩ፣ ልውጣ" ሲል ቆሜ ሰምቻለሁ። ያኔ አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባውን ሰው ያንቀጠቀጠው ነገር ለእኔ የእሁድ ጠዋት ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሳየው "ይሄማ የእኛ ነው" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተውኩትም።

ትልቅ ከሆንኩ በኋላ አሠራሩን እየፈለግኩ አነበብኩ። የልጅቷ መኝታ ክፍል ትንፋሽ እንዲታይ በማቀዝቀዣ መሣሪያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነበር፣ ተዋንያኑ የምር እየተንቀጠቀጡ ነው የሠሩት። ያ የሚያስፈራው ሻካራ ድምጽ ደግሞ የሴት ነው፣ ሜርሴዲስ ማክኬምብሪጅ የምትባል ተዋናይ ናት የሰጠችው። ይሄን ሳውቅ ፍርሃቴ ይቀንሳል ብዬ ነበር። አልቀነሰም። ያቺን የጸበል ቦታ ሴት ነው ያስታወሰኝ።

እናቴ ግን "እየጠራሻቸው ነው" ትለኛለች። አያቴም በሕይወት ሳለች በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ማታ ትኩስ ውሃ ደጅ አትድፉ፣ የእነሱን ስም በከንቱ አታንሡ እያለች ነው ያሳደገችን። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ሳትቀር "ይሄ ልጅ ቤት ምን እያስገባች ነው" አለች ሲሉ ሰማሁ። እናቴን ማሳዘን አልፈልግም። መተውም አልፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ እያመናችሁ የምታዩ ካላችሁ ሁለቱን እንዴት ነው የምታስታርቋቸው? ሁለተኛ፣ የምር ቀልባችሁን የገፈፈው የቱ ነው፣ ለምን? "ሁሉም ውሸት ነው" የሚል መልስ ግን አልፈልግም፣ እሱን ሰምቼዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ዲያቆን ሆኜ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አስፈሪ ፊልምም አንድ አያመልጠኝም። ጾም ላይ አላይም። ሐዘን ቤት ውዬ በመጣሁበት ማታም አላይም። ሌላ ደንብ የለኝም።

ያነሣሽው ፊልም ግን ለእኔ ሌላ ነገር ሆኗል፣ ምክንያቱም ቦታው የምሠራበት ከተማ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሰው አመላልሳለሁ። በፊልሙ መጨረሻ ቄሱ ከልጅቷ መስኮት ዘሎ የሚወድቅበት የድንጋይ ደረጃ ጆርጅታውን ነው ያለው፣ ከፕሮስፔክት ጎዳና ወደ ኤም ጎዳና የሚያወርደው። ሰባ አምስት እርከን ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተደርጎበታል። ቀን ከሄድሽ ስፖርተኞች ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጡበት ታያለሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነው። በአንድ በኩል ረጅም ግንብ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ላይኛው ጫፍ ከታች ሲያዩት ጨለማ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ መኪናዬን አቆምኩና ብቻዬን ወጣሁት። ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ማንም የለም። "በስመ አብ" ብዬ ቀሪውን በሩጫ ጨረስኩት።

የልጅቷን ቤት ሳየው የገረመኝን ልንገርሽ። መስኮቱና ደረጃው ይራራቃሉ። ከዚያ መስኮት ዘሎ ደረጃው ላይ መውደቅ አይቻልም። ለፊልሙ ሲባል ቤቱ ወደ ደረጃው የተጠጋ እንዲመስል የውሸት ግድግዳ ነው የሠሩለት።

ታሪኩ ራሱ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ደራሲው ዊሊያም ፒተር ብላቲ እዚያው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ፣ በ1949 ጋዜጣ ላይ ስለ አንድ የሜሪላንድ ልጅ አነበበ። ጋኔን ይዞት ቄሶች ጸለዩለት የሚል ወሬ ነው። ልጁ ወንድ ነው፣ ደራሲው ሴት አደረጋት። ሜሪላንድ ማለት እንግዲህ እኛ የምንኖርባት፣ እንጀራ የምንገዛባት ናት። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያ ፊልም የሩቅ አገር ተረት መሆኑ ቀረ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያት። እኔ እናቴን በስልክ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እማዬ፣ እዚያ ፊልም ውስጥ እኮ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው ቄሱ ነው" አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "እስቲ ንገረኝ" አለችኝ።

ድምጽ ቆራጭ

ሥራዬ ድምጽ ነው፣ ማስታወቂያና ፊልም ላይ ድምጽ አቀናብራለሁ፣ ስለዚህ ከሙያዬ ልመልስ። የሚያስፈራችሁ ዓይናችሁ አይደለም፣ ጆሯችሁ ነው። የምትፈሩትን ትዕይንት ዛሬ ማታ ድምጹን አጥፍታችሁ እዩት። አብዛኛው ሰው ሜካፕ የተቀባ ሰው ያያል፣ አበቃ።

በፈረንጅ አቆጣጠር የ1960ውን ሳይኮ የሚባል ፊልም ውሰዱ። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ያንን የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ሊያወጣው ነበር። ሙዚቃውን የሠራው በርናርድ ኸርማን ግን በራሱ ፈቃድ ጻፈለት። ከበሮ የለ፣ ጥሩንባ የለ፣ የክር መሣሪያ ብቻ ነው። ያ የሚጮኸው ቫዮሊን ነው ሰው ሻወር ቤት ብቻውን መግባት እንዲፈራ ያደረገው። ደሙ እንኳ የቸኮላት ሽሮፕ ነው፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይታወቅም። ሃሎዊን የተባለው ፊልምም እንደዚያው ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር በ1978 ሙዚቃውን ራሱ ሠራው፣ በአምስት ምት የሚሄድ ነው፤ ጆሯችን በአራት ምት ስለለመደ ሁልጊዜ አንድ ነገር የጎደለ ወይ የተረፈ ይመስለናል፣ ያ አለመረጋጋት ነው ሰውነታችንን የሚወረን።

አሁን ደግሞ እምነትን የሚነካውን ልናገር፣ ሳታቋርጡኝ አንብቡት። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። የሚሠራበት ላቦራቶሪ መንፈስ አለበት ይባላል። አንድ ሌሊት ብቻውን ሲሠራ ላብ አጠመቀው፣ ብርድ ብርድ አለው፣ ከዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ዞር ሲል ጠፋ። በማግስቱ ለውድድር የሚያዘጋጀውን የሻሞላ ስለት በማሰሪያ ጠፍሮ ቢያስቀምጠው ስለቱ ማንም ሳይነካው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው ሸሽቶ አልሄደም፣ ምክንያቱን መመርመር ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ በቅርቡ የተገጠመ የአየር ማውጫ ፋን ወደ 19 ኸርዝ የሚጠጋ ድምጽ ያወጣል። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን አይሰማም፣ ሰውነት ግን ይሰማዋል። ፋኑ ሲስተካከል "መንፈሱ" ሄደ። በ1998 ጽሑፍ አወጣበት።

መንፈስ ሁሉ ፋን ነው አላልኩም። እኔም እኮ አምናለሁ። ግን ቤታችሁ ውስጥ ፍርሃት ሲለቀቅባችሁ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ጄኔሬተሩን፣ የጎረቤት ወፍጮውን አዳምጡ።

ቀልቤን የገፈፈው? ፓራኖርማል አክቲቪቲ። አስራ አምስት ሺህ ዶላር ገደማ ነው የጨረሰው፣ ዳይሬክተሩ ኦረን ፔሊ በራሱ ቤት ነው የቀረጸው። ካሜራው አልጋው ግርጌ ቆሞ ሁለት የተኙ ሰዎችን ያያል። ምንም አይሆንም። ምንም አይሆንም። ከዚያ በሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ያቺን በር ሳይ ነው ተነሥቼ መብራት ያበራሁት። እኛም ጋ እኮ አንድ ካሜራ፣ አንድ ቤትና ጥሩ ማይክ ያለው ሰው ይበቃል። በአማርኛ እንደዚያ ያለ ፊልም መሥራት ሁልጊዜ ሕልሜ ነው።

እማማ ከጎንደር

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ። እሷም እንደናንተ ናት፣ ማታ ማታ ትጮሃለች ከዚያ ትስቃለች። የጻፋችሁትን አነበበችልኝ።

እኔ እነዚህን ፊልሞች አይቼ አላውቅም። ግን የሚያስፈራ ነገር ከፈረንጅ መምጣት የለበትም። አባቴ ደብተራ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ክታብ ይጽፉ ነበር። ሰው ታሞ ሲመጣ ቁመቱን ለክተው ብራናውን በዚያው ልክ ይቀጥሉታል፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። መሐል መሐሉ ላይ ጠልሰም ይስላሉ፤ ዓይን ነው፣ ትልልቅ ዓይን፣ ከየትም ብትቆሙ የሚያያችሁ። ልጅ ሆኜ እሱ ተዘርግቶ ሲደርቅ ካየሁ ያን ሌሊት አልተኛም።

ውስጡ የሚጻፈው የሱስንዮስ ጸሎት ነው። ንጉሡን አይደለም የምላችሁ፣ ሰማዕቱን ነው። ውርዝልያ የምትባል ሕፃን ገዳይ ነበረች። የሱስንዮስንም ልጅ ገደለችበት። ፈረሱ ላይ ወጣ፣ ጦሩን ያዘ፣ ፈልጎ ፈልጎ ከአጋንንቷ ጋር ተቀምጣ አገኛት። በጦሩ ሲወጋት ስሙ ባለበት፣ ጸሎቱ በተነበበበት ላትደርስ ማለች። ስለዚህ ልጅ የሚሞትባት እናት ያንን ክታብ ታንገታለች። አባቴ ይሄን ሲያነቡ ድምጻቸው ይለወጣል፣ እኛ ልጆቹ እናታችን ቀሚስ ውስጥ እንገባለን፣ ግን "ይድገሙልን" እንላቸው ነበር።

አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እውነቷን ነው፣ ስለምትወድሽ ነው። አንቺም ክፉ አልሠራሽም። እኔም ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የዚያ ታሪክ ፍርሃት ዛሬም ደስ ይለኛል። ሕፃን ባለበት ግን አትክፈቺው፣ እሱን አደራ።

ተረኛ ነርስ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የነገሩንን ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

የእኔ ፊልም አይደለም፣ ዱካክ ነው። የሌሊት ተራ ሠርቼ ጠዋት በጀርባዬ ስተኛ ይመጣል። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሉን አያለሁ፣ መጋረጃውን አያለሁ፣ ግን ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ። በሩ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ቆሟል። ልጩህ እላለሁ፣ ድምጽ የለም።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አእምሯችን ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል፣ ሕልማችንን ተነሥተን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት እንደታሰረ ይቀራል፣ ሕልሙም አይለቅም። እንቅልፍ ማጣት፣ ተራ መቀያየር፣ በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ የሚባለው ደሴት ላይ አሮጊት ደረት ላይ ወጣች ይላሉ። እኛም ዱካክ አልነው። ባሕር ተሻግሮ ያለ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ነገር ማየቱ ነው የሚደንቀኝ። በጎን መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ ቀንሶልኛል። ይሄን ሁሉ እያወቅኩም ግን ሲመጣ "አቡነ ዘበሰማያት" ነው የምለው፣ ሌላ ምንም ትዝ አይለኝም።

የሸክላ ሠሪ ልጅ

ድምጽ ቆራጭ፣ በአማርኛ ፊልም መሥራት ሕልሜ ነው ስላልክ ነው የምጽፈው። ብትሠራው ደስ ይለኛል፣ ቲኬት ቆርጬ ከሚገቡት የመጀመሪያው እሆናለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ቡዳን አትሥራ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ ትሠራለች። ገበያ ስትሄድ እናቶች ልጃቸውን ነጠላ ውስጥ ሲደብቁ እያየሁ ነው ያደግኩት። የእሷን ጀበና ይገዛሉ፣ ቡናውን ግን ከእሷ ጋር አይጠጡም። ሌሊት ጅብ ትሆናለች፣ መቃብር ትቆፍራለች የተባለው ስለ እናቴ ነው። በቀጥቃጩም፣ በፋቂውም ላይ ተብሏል። ጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ብረት ስለሚቀጠቅጡና ሸክላ ስለሚሠሩ ይሄንኑ ስም ተሸክመው ነው የኖሩት። ሰው በዚህ ተደብድቧል፣ ከሰፈር ተባሯል። ለሌላው የሚያስፈራ ተረት ነው፣ እኛ ቤት ግን የሚፈራው ሰው እናቴ ነበረች።

አስፈሪ ፊልም አልጠላም፣ እወዳለሁ። ጭራቅ ፊልም ውስጥ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ "ይሄ የማን ጎረቤት ነው?" ብዬ አስባለሁ። ከፈለግክ ሐረር ሂድ። እዚያ ጅቡ ጂኒውን ይበላልናል ይላሉ፣ የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ማታ ማታ ሥጋ የሚያበላው ሰው አለ። በጨለማ ከተማው ውስጥ የሚዞር ጅብ ሰውን ከማይታየው ሲጠብቅ አስበው። እሱን ብትሠራው ሳልተኛ አድራለሁ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የጻፍከውን ሳነብ አለቀስኩ። እኔም ልጅ ሆኜ ከነጠላ ሥር ከተደበቁት አንዷ ነኝ። ይቅርታ።

እማማ፣ የነገሩንን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ በሕይወቷ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና በቀትር ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ፣ ከማዶ ከቁጥቋጦው ውስጥ የእናቷ ድምጽ በስሟ ጠራት። "አቤት" ልትል አፏን ከፈተች። አያቴ ግን "ሦስቴ ሳይጠሩሽ አትመልሺ" ብላ አስተምራት ነበርና ዝም አለች። ሁለተኛ ጠራት። ውሃው ፀጥ አለ፣ ወፉም ፀጥ አለ። ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ። ልብሱን ጥላ እየሮጠች ቤት ስትደርስ ቤቱ ተዘግቷል፤ አያቴ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ነበረች።

ይሄን ሁሉ ዓመት ያየሁት ፊልም እንደዚህ ቀልቤን ገፎት አያውቅም። እናቴ ደግሞ ተናግራ ስትጨርስ ፊቷ ፈካ አለ። "ያንቺ ፊልም ላይ እንደዚህ ያለ አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት።

ድምጽ ቆራጭ፣ መቅረጫ ካለህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ያንን ወንዝ መቅዳት እፈልጋለሁ፣ በተለይ ያንን ፀጥታ። ቦታውን እናቴ ታሳየናለች። በቀትር ግን አልሄድም ብላለች።